በሁዳዴ የነጻው ኮምፒዩተር

ሲናዬ፣ ደኅና ዋልሽ? ነይ እስቲ እዚህ ዋርካው ጥላ ሥር፤ ልምምዱ እስኪጀመር የሐይቁ ነፋስ ይንካን። የቆሮሶ ዓሣ በላሽ ዛሬ? እኔ ሁለቴ ጎረስሁና በቃኝ… ከኋላችን ክራር የሚቃኝ ሰው አለ መሰል? ይቃኝ፣ ይቃኝ። እኛ የማንንም ስም አልጠራን።

እኔን የሚገርመኝ ምን መሰለሽ? በዚህ ዘመን ለነፍሱ የሚጨነቅ ሰው መገኘቱ! ሌላው በሁዳዴ ሥጋና ወተት ሲተው፣ አንዳንዱ ጻድቅ ዊንዶውስ ይተዋል። «የቡድናችን ኮምፒዩተር ዊንዶውሱ የተሰረቀ ነው፤ በሌብነት ዕቃ ዜማ አይጻፍም» አለና ጠራርጎ አጠፋው። በምትኩ ያን በነጻ የሚታደለውን ሊኑክስ ጫነበት። ማንንም ሳይጠይቅ እኮ ነው! ጨዋ ሰው ሰው አያስቸግርም…

ከዚያማ ለሊኑክስ የሚሆን የኖታ መጻፊያ ፍለጋ ተገባ። አቤት ትጋት! አንዱን ያወርዳል፣ አልከፈት ይላል። ሌላውን ያወርዳል፣ ይከፈትና ድምፅ የለውም። መብራቱ ይሄዳል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ እሱ ወይ ፍንክች! ትናንት ተሳካ ሲሉኝ ሮጬ ሄድሁ። እውነትም፣ አምስቱ መስመር እንደ ፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል… አንዲት ኖታ ሳታርፍበት። «የድሮዎቹስ?» አልሁ። «እነሱማ ከዊንዶውሱ ጋር ሄዱ» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። ሌላ ቦታ መገልበጥ ይሉት ነገር ለካ በጾም አይፈቀድም!

ምን እንደሄደ ታውቂያለሽ አይደል? አባቴ አስማማው ከደቅ ደሴት በጀልባ እየተመላለሰ፣ ሳል እያፈነው ያዜመልን የታንኳ ቀዛፊዎች ዜማ ነው። አባቴን ኅዳር ላይ ቀበርነው፤ ተነሥና ድገምልን አይባል። በስልኬ ልቅዳው ስልስ «ኖታው እያለ ምን ያደርግልሻል» ያለኝ ማን ነበር?… ስሙ ጠፋኝ። አንጀቴ አሯል፣ ሲናዬ! አሯል!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። የኛው ግን ጨዋ ነው፤ በር ከፍቶ፣ ጅቡን አብልቶ፣ ሸኝቶ ነው የጮኸ።

ተይው፣ ክፉ አልመኝለትም። እግዜር ዕድሜ ይስጠው፤ በልጅ፣ በልጅ ልጅ ይባርከው። ቀኑ ደርሶ ሲያልፍም፣ እሱ የአባቴን ዜማ እንደጠበቀ፣ ልጆቹ የሱን ስም እንደዚያው ይጠብቁለት። አሜን በይ እንጂ፣ ሲናዬ… ጮክ ብለሽ።