ለእማዬ የታየው ክፍል

(አዳማ፤ ከአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ፤ ስንቅነሽና ታናሽ ወንድሟ መኩሪያ አልጋ ላይ ለዋለችው እናታቸው ክፍል አይተው ወጥተው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ይከራከራሉ።)

መኩሪያ፦ እኔ የለመንኩሽ አንድ ነገር ነው፣ እትዬ። ዘመድ ሲጠይቅ «ቤቱን አይቼ የወደድኩት እኔ ነኝ» በይልኝ። ይሄን ወደ ድሮ ምን ወሰደው?

ስንቅነሽ፦ ዛሬን የወለደው ድሮ ነዋ። ሽማግሌዎቹ እኔን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር። እማዬ ለአባዬ ስታንሾካሹክ «ጡ…» ስትል ሰማሁ፤ ከዚያ አንተ ማልቀስ ጀመርክ።

መኩሪያ፦ ደግሞ እኔ ገባሁበት!

ስንቅነሽ፦ ጥርስህን አሞህ ነበር። «ይቺን አልሰጥም፤ ትጡረኝ» ያለች ይመስለኛል። አባዬ ደግሞ «ተይ፣ ጡር አለው» አላት። ወይ ደግሞ «ጡር» ብዬ የሰማሁት የእሷኑ «ትጡረኝ» ይሆናል። መጦሩንና ጡሩን እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል።

መኩሪያ፦ የሰማሽው አንድ ፊደል፣ ያኮረፍሽበት አንድ ዕድሜ!

ስንቅነሽ፦ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ግን በደንብ አይቻለሁ። ስማችንንስ ብትል? አንተን መኩሪያ፣ እኔን ስንቅነሽ። ስንቅ ይቋጠራል እንጂ መቼ ይዳራል?

መኩሪያ፦ እሺ፣ በድለንሻል። ላሳርፍሽ ነው እኮ የምደክመው። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል፣ መታጠቢያው መደገፊያ ብረት አለው፣ ነርስ ሌትም ቀንም አለች። ጾም ሲገባ የጾም ይሠራሉ፣ ቄስ ሳይቀር ይመጣል። ምን ጎደለው?

ስንቅነሽ፦ ምንም። ቄሱማ ከእኛ ነፍስ አባት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጡት። ሴቶቹንም አንድ ባንድ ጠይቄያለሁ፤ ምግቡን አያሙትም። አንዷ ብቻ ዕቃዋን በነጠላ ጠቅልላ በር በሩን ታያለች። «ልጄ ሲመሽ ሊወስደኝ ነው» አለችኝ። ከመጣች ከርማለች አሉ።

መኩሪያ፦ ትዘነጋለች ማለት ነው።

ስንቅነሽ፦ እሷስ ትዘንጋ፤ ልጇስ?

መኩሪያ፦ ይኸው! እንደዚህ እየወጋሽ ማን ያናግርሻል?

ስንቅነሽ፦ እማዬ ከእኔ እጅ በቀር አትጎርስም፣ መኩሪያ።

መኩሪያ፦ ሲርባት ትጎርሳለች።

ስንቅነሽ፦ በል እንግዲህ፤ ለዘመድ ይሄንንም ጨምሬ ልንገርልህ?

መኩሪያ፦ አምልጦኝ ነው! እናቱን የጠላ አስመሰልሽኝ እኮ። በየበዓሉ የሚመጣው ማን ነው?

ስንቅነሽ፦ ትመጣለህ፣ መች ቀረህ። አንተ የመጣህ ቀን «ነጠላዬን አልብሺኝ» ትላለች፣ ቀና ትላለች፣ ትስቃለች። በሩን ዘግተህ ስትወጣ «ልጄን ምን አበላሽው፣ ከስቶብኛል» ብላ በእኔ ትጀምራለች። የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ።

መኩሪያ፦ እሱስ እውነት ነው፤ እኔን ስታይ ሕመሙ ይለቃታል። ይልቅ አንቺ ቅድም የት ጠፋሽ? ኃላፊዋን እያነጋገርኩ ዘወር ብል የለሽም።

ስንቅነሽ፦ ክፍሉን እያየሁ።

መኩሪያ፦ አራት ግድግዳ ይሄን ያህል ይታያል?

ስንቅነሽ፦ እግሬን ላሳርፍ ብዬ አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ነጭ የለበሰች ልጅ፣ ነርሷ መሆኗ ነው፣ ገባች። «እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ክፍልዎን ወደዱት?» አለችኝ።

መኩሪያ፦ የምትገባው አንቺ መሰልሻት? ሃሃ! ይሄንንማ ለእማዬ ሳልነግራት አላድርም።

ስንቅነሽ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። እኔም ልስቅ ነበር። ጎንበስ ብላ ጫማዬን አወለቀችልኝ። እግሬን በጣቷ ጫን ብታደርገው እንደ ሊጥ ተሰርጉዶ ቀረ። «ይሄን እግር ማን ያይልዎታል?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» መኩሪያ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ባስብ፣ ባስብ… አጣሁ።

መኩሪያ፦ እኔ አልጠይቅሽም?

ስንቅነሽ፦ አንተ የምትጠይቀኝ «እማዬ ተኛች ወይ?» ብለህ ነው።

መኩሪያ፦ …እና የምትገባው እናቴ ናት አልሻታ።

ስንቅነሽ፦ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። «አዎ ልጄ፣ ክፍሌን ወድጄዋለሁ» የሚል ቃል ወጣኝ።

መኩሪያ፦ አንቺ? አንቺ ዋሸሽ?

ስንቅነሽ፦ ስናገረውስ ውሸት ነበር። ጫማዬን መልሼ ሳጠልቅ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሐሙስ እገባለሁ፣ ወንድምዓለም።

መኩሪያ፦ ቀልድሽን ተይው። ዘመድ ምን ይላል?

ስንቅነሽ፦ «ቤቱን አይቼ የወደድኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። እንዳስጠናኸኝ።

መኩሪያ፦ እማዬስ?

ስንቅነሽ፦ እማዬማ ልጅ አላት።

መኩሪያ፦ ቆይ፣ ቆይ… ሁለታችሁም ግቡ! ሁለት አልጋ ያለው ክፍል አሳይተውናል፤ ወጪው በእኔ።

ስንቅነሽ፦ አብሬያት ከገባሁ የነርስ መጥሪያ ደወሏ እኔ ነኝ። ስትጣራ፣ ልጅቷ ከወንበሯ ሳትነሳ እኔ ቆሜ እገኛለሁ። ጓዳዬን ተሸክሜ መጣሁ ማለት አይደል?

መኩሪያ፦ እንግዲያው እሷ ትግባ፣ አንቺ ቤትሽ እረፊ። ከመጀመሪያውም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ስንቅነሽ፦ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ሁለቱም በሕይወት እያሉ፣ እሷ መጦሪያ ትግባ? እኔ እኮ አልወለድኩም። ነገ እግሬ ሲከዳኝ ማን ያነሳኛል? ጧሪ የሌላት እኔ ነኝ፣ መኩሪያ። ይሄ ቤት የተሠራው ለእኔ ነው።

መኩሪያ፦ እኔ ሞቻለሁ?

ስንቅነሽ፦ ለእናትህ ያልሆንከው ለእህትህ ልትሆን?

መኩሪያ፦ ለካ ጨካኝ ነሽ!

ስንቅነሽ፦ ዛሬ መጀመሬ ነው። ላሚቱ እሳት ወልዳ፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት ይባላል። እኔን ያየህ እንደሆነ ግን፣ ሳልወልድ ነው የተፈጀሁት።

መኩሪያ፦ እትዬ፣ ወንድ ነኝ እኮ። የእናቴን ገላ ላጥብ? ነውር አይደለም?

ስንቅነሽ፦ ከዚያ ገላ ስትወጣ ነውር አልነበረም። ደግሞስ ትእዛዙ «አባትህንና እናትህን አክብር» ነው የሚለው፤ «አክብሪ» አይልም። ቄሱ ባነበቡት ቁጥር ሰምቼ ዝም እላለሁ። የታዘዝከው አንተ፣ የደከምኩት እኔ።

መኩሪያ፦ አሁን በሰዋስው ልትረቺኝ ነው?

ስንቅነሽ፦ በሌላማ መቼ ረትቼህ አውቃለሁ።

መኩሪያ፦ ሸዋዬስ? የሚስቴን ጠባይ ታውቂዋለሽ፤ «አማቴን ቤቴ አላስገባም» ትላለች።

ስንቅነሽ፦ ሸዋዬን ማን ነካት? እማዬ ከቤቷ አትነቃነቅም፤ የምትገባው አንተ ነህ። የእኔ አልጋ ከእሷ አልጋ ጎን ነው። ስታንኮራፋ ትተኛለህ፣ ዝም ስትል ትነቃለህ።

መኩሪያ፦ እምቢ ብልስ?

ስንቅነሽ፦ ትችላለህ። ትቻት እንደማልሄድ አንተም ታውቃለህ፤ እስከ ዛሬ የኖርከው ይሄንን ተደግፈህ ነው። አንድ ቀን ግን ሳነሳት አብሬያት እወድቃለሁ። ያን ቀን እንዴት እንደምትነሳ የሚያሳይህ ሰው አይኖርም። በል፣ ለጎረቤት አደራ ሰጥቻት ነው የመጣሁት፤ ልሂድ።

መኩሪያ፦ ትከብዳለች?

ስንቅነሽ፦ እሷማ ምን ቀርቷት። የሚከብደው ሌሊቱ ነው።

መኩሪያ፦ …ሐሙስ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ። ግን እትዬ፣ ሳነሳት… እጄን በየት በኩል ነው የማስገባው?