ሚስማሩ ላይ ያለው ጉጉት

ሩቲዬ፣ ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ። የጅግጅጋ ንፋስ ዘንድሮ አይጣል ነው! ትናንት ከኤረር መጥቼ ከመናኸሪያ እዚህ እስክደርስ አቧራ ጠግቤ ገባሁ። ነጠላዬም ተበላሽቶብኛል፤ ለነገው የእማዬ የሰማንያ ቀን ተዝካር አንድ ነጠላ አታውሺኝም? ቀስ ብለን እናውራ፣ ልጁ ተኝቷል። የወጥ ቤቱ በር ክፍት ነው እንዴ? ተይው፣ አትዝጊው… ሻሂው ሲፈላ ይሰማናል።

እስቲ ሳሎኑን እዪልኝ! እማዬ የኖረችበት ነው ብሎ ማን ያምናል? ሁሉም ከቶጎጫሌ ገበያ ተመርጦ የመጣ ነው አሉ። መጋረጃው ላይ ጉጉት፣ ትራሱ ላይ ጉጉት፣ የግድግዳው ሰዓት ጉጉት። የስኳሩ ዕቃ ራሱ ጉጉት ነው፤ ስኳር ስትፈልጊ ጭንቅላቱን ታነሺዋለሽ። መውደድ ካልቀረ እንዲህ ነው! እኛ ኋላ ቀሮቹ ጣራ ላይ ከጮኸ ሰው ይሞታል እያልን በድንጋይ ስናባርረው ኖርን። እማዬማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስሙንም ቤት ውስጥ አታስጠራም ነበር። ምን ታድርግ፣ አልተማረችማ! ወንድሜ ግን ታድሏል… የሰለጠነች ሚስት ቤቱ ገባችለት።

ጎረቤታችንን ሂቦን ታውቂያት የለ? ባለፈው ሳምንት ልትጠይቅ ገብታ ሰዓቱን ስታይ «አስተግፊሩላህ» ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች አሉ። የእሷም ነገር! ዓይኑን ግራ ቀኝ ስላደረገ ያስፈራል? እንዲያውም በዚህ ቤት እንግዳን ቀና ብሎ የሚያይ እሱ ብቻ ነው ይባላል… ሌላው ሰው ስልኩ ላይ ነው።

ሰዓቱ የተሰቀለበትን ሚስማር አየሽው? አባዬ የመታው ነው። የእማዬ ፎቶ ነበር እዚያ ላይ… አይ፣ አልከፋኝም! የሞተ ሰው ፎቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግርሻል እንዴ? ዛሬ ጠዋት ብርድ ልብስ ስፈልግ አገኘኋት፤ በፌስታል ተጠቅልላ፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከተሰበረው ወንበር ጋር። እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው! አቧራ እንዳይነካት ታስቦ እኮ ነው። እኔ ሞኟ ግን ታቅፌያት አለቀስኩ። ፋኑኤል ወንድሜ አየኝና… ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ነገ ካህኑ ለነፍሷ ሊጸልዩ ሲመጡ ግድግዳው ላይ ማንን ያዩ ይሆን? ምን አገባኝ፤ ያደግኩበት ቤት ቢሆንም እንግዳ ነኝ።

እሰይ፣ የወንድሜ ሚስት ሻሂውን ይዛልን መጣች! ምነው በሩ ላይ ቆምሽ የኔ ቆንጆ? ነይ አረፍ በይ፣ ስለ ዕቃ ነው የምናወራው። እጅሽ ይባረክ። ያ የተኛው ልጅሽ ይደግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ። ሚስት ሲያገባም… ልክ እንዳንቺ ያለች፣ ቤት ማሳመር የምታውቅ፣ የባሏን እናት እንዲህ በጥንቃቄ ጠቅልላ የምታስቀምጥ ምራት ይስጥሽ። አሜን በይ እንጂ!