የአናጢው የልጅ ልጅ ግራ ዓይን

ሽማግሌው አናጢ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የጣውላ ጠርዝ ሲመለከቱ፣ የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸውም ቁርጥራጭ እንጨት አንስታ እንደሳቸው ታደርጋለች። ሁልጊዜ የምትጨፍነው ግራዋን ነው። እሳቸውም ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ሙያዬን የምትወርሰው ይህች ናት» እያሉ ይኮሩባታል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ነርስ የተሰበረ መሳቢያ ልታሠራ ጎራ አለች። ሕፃኗ ግራዋን ጨፍና እንጨት ስታይ ጥቂት አስተዋለቻትና፦

«አባባ፣ ዓይኗን ተመርምራ ታውቃለች?» አለች።

«ምን ሆና? ሚስማር ሲወድቅብኝ ከሰጋቱራ ውስጥ ለቅማ የምትሰጠኝ እሷ አይደለች?»

«በአንዱ ዓይኗ እየለቀመች ይሆናላ። አንዱ የሁለቱን ሥራ ሲሠራ የሌላው ድካም አይታወቅም። እሷም ሰው ሁሉ እንዲህ የሚያይ ስለሚመስላት አትናገርም።»

«እናንተ የተማራችሁ ደግሞ ነገር አታጡም። መነጽር ጭናችሁባት የልጅ መሳቂያ ልታደርጓት ነው?»

«ሳቁ ያልፋል፣ አባባ። ዓይኑ ግን በልጅነቷ ካልታከመ፣ ካደገች በኋላ መነጽርም ላይመልሰው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እስቲ አይቆጡኝና ቀኟን በእጅዎ ይሸፍኑላት።»

ነርሷን ሊያሳፍሩ አስበው የልጅቷን ቀኝ ዓይን ሸፈኑ። ልጅቷ እጃቸውን ልታነሳ ታገለች። ቢብስባት ጊዜ ቀስ ብላ፦

«አባባ፣ ፊትህ ጠፋብኝ» አለች።

«ስትጫወት ነው» አሉ ሽማግሌው። ሚስማር አንስተው ፊት ለፊቷ ያዙላት። እጇ አየሩን ዳበሰ እንጂ አላገኘውም። ያን ጊዜ አፈሩም፣ አዘኑም። የኮሩበት ነገር ሙያ ሳይሆን ጉድለቷ ነበር።

«ረፍዷል?» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አልረፈደም። ሐኪም መነጽር ያዝዝላት ይሆናል፤ ደህነኛውን ዓይን በቀን ጥቂት ሰዓት እየሸፈናችሁ ሰነፉን ታሠሩታላችሁ። ታለቅሳለች፤ ልብዎ እንዳይራራ።»

መሳቢያው በዚያ ቀን አልተሠራም። አናጢው ሱቃቸውን ዘግተው ልጅቱን ይዘው ወደ ዓይን ሐኪም ሄዱ፤ ሐኪሙም ነርሷ ያለችውን ደገመው።

ጥርሱን ያመመው ልጅ ያለቅሳል፤ አጥርቶ ያላየ ግን ዝም ይላል። ትምህርት ቤት ገብቶ ሰሌዳው ሲጠፋበት ሰነፍ ተብሎ ይገረፋል እንጂ የሚጠይቀው የለም። ፊደል ከመቁጠሩ በፊት አንድ ጠዋት ቢመረመር ግን ከዱላውም ከስድቡም ይድናል፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ይተርፉለታል።

ከስምንት ወር በኋላ ልጅቷ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀኟ ተሸፍኖ፣ አያቷ የጨረሱትን ጣውላ በግራዋ አየችው።

«አባባ፣ እዚህ ጋ ጎብጧል።»

ሽማግሌው አጎንብሰው አዩ፤ ምንም አልታያቸውም። በጣታቸው ሲዳብሱት እውነትም ጎብጧል። መላጊያቸውን አነሱ።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸውም የዓይን ሐኪሙ በር ላይ ተሰለፉ፤ እጃቸውን ይዛ የወሰደቻቸው እሷ ነበረች።