ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው

አቶ አስፋው ላንድሮቨራቸውን ሸዋ ሮቢት መግቢያ ላይ አቁመው፣ ከኋላው ግራ ጎማ ሥር ተንበርክከው አየር ያስተነፍሱ ነበር። የቆላው አስፋልት ሲግል ጎማ እንዳይፈነዳ አየር መቀነስ የዚያ መንገድ ሹፌሮች ልማድ ነው። ከታርማበር ቁልቁለት ጀምሮ የተቃጠለ ጎማ ይሸታቸዋል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። መኪናው ውስጥ ያለችው ልጃቸው ዓለምፀሐይ ናት፤ የበኩር ልጇን አጣዬ እናቷ ቤት ልትወልድ ነው፤ ቀኗም ደርሷል።

ወደ አጣዬ መኪና የምትጠብቅ ወጣት ጠጋ አለች። መሠረት ትባላለች፤ አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ ወደ አገሯ መመለሷ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አየሩን ባያስወጡት?»

«ሲፈነዳ አንቺ ልትነፊው?»

«የሚያፈነዳው የአየር ማነስ ነው። አየር ያነሰው ጎማ ይተጣጠፋል፤ ሲተጣጠፍ ይብስ ይግላል። አየር የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።»

«እኔ መሪ ላይ ነው የሸበትኩት፣ ጓድ መምህርት!»

መሠረት ጎንበስ ብላ ጎማውን አየች። «ይኸኛውማ ከሌሎቹ ይለያል። ጎኑን አስነብበዋል?»

«ጎማ ደብዳቤ ነው እንዴ የሚነበበው? ይልቅ ጥርሱን እይ! በዚህ ጎማ በጠፋበት ጊዜ እንዲህ ያለ ጥርስ ማን አገኘ?»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በቅሎ በጥርሷ ስለሚገመት፣ ብዙዎቻችን ጎማንም እንደ በቅሎ አፉን ከፍተን ልንገዛ ይቃጣናል።

«ጥርስ መሬት ይቆነጥጣል እንጂ ጭነት አይሸከምም» አለች መሠረት። «የሚሸከመው ውስጡ የተደራረበው ክር ነው። ሌሎቹ ባለ ስድስት ድርብ ናቸው፤ ይኸኛው ግን አራት ይላል፤ ለቀላል መኪና የተሠራ ነው። እርስዎ ደግሞ ጣሪያው ላይ የባቄላ ጆንያ ቆልለዋል።»

«ይህን የጻፈ ፈረንጅ የይፋትን ሙቀት የት ያውቀዋል?»

«አለማወቁ አይደል የሚያስፈራው! በብርድ አገር እንኳ እንዳይታለፍ ብሎ የጻፈውን ልክ፣ እኛ በዚህ ሐሩር አልፈነዋል።»

ዓለምፀሐይ ሆዷን እንደያዘች በመስኮት ብቅ አለች። «አባባ፣ ስለ እኔ ሲሉ ይፍቱት።»

አጉረመረሙ፤ ግን ፈቱት። ከውጭ በማይታየው ጎን የእንቁላል ያህል እብጠት ወጥቷል፤ ተሰንጥቆም ክሩ ይታያል። አቶ አስፋው ጣታቸውን ሰደዱና እሳት እንደነካው ሰው መለሷት። ወደ ልጃቸው ማየት አቃታቸው።

«ምን ላድርግ?» አሉ ቀስ ብለው።

መጠባበቂያውን ባለ ስድስት ድርብ ጎማ አሰሩ፤ ባቄላውን እዚያው ሮቢት አወረዱ፤ ጎማዎቹ እስኪቀዘቅዙ ጥላ ሥር ጠበቁና አየሩን በልክ ሞሉ። መሠረትም «ጎማ ሲገዙ ድርቡን፣ የሚችለውን ክብደትና የተሠራበትን ዘመን ይጠይቁ፤ ያልተነበበ ጎማ አይግዙ፤ ያኔ ጎማው ይከርማል፣ ሰውም ቤቱ ይገባል» እያለች አስረዳች። አቶ አስፋው እንደ ተማሪ አንድ በአንድ ደገሙላት።

ሊነሱ ሲሉ አንድ ሹፌር የወለቀውን ጎማ እያሻሸ መጣ። «ጋሼ፣ ከጣሉትስ ለእኔ ይስጡኝ። ምን የመሰለ ጥርስ!»

አቶ አስፋው ካራቸውን መዘው የጎማውን ጎን ከዳር እዳር ተረተሩት።

«ለበርባሶ ጫማ ውሰደው» አሉት። «አንድ ሰው ይሸከማል።»