የወይዘሮ ውዴ ካና

በሰኔ መጀመሪያ፣ ዝናብ ጥሎ ባባራ ማግስት፣ ከሰቆጣ ገበያ ስመለስ ጎረቤቴን ወይዘሮ ሠርካለምን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሦስት የበሰበሱ የካና አገዳዎች ይዘዋል። ካና ያ ቅጠሉ ሙዝ የሚመስለው፣ ቀይ አበባ የሚያወጣው ተክል ነው፤ በሰፈራችን ያለው ወይዘሮ ውዴ ግቢ ብቻ ነው።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ደጇ ላይ ልጥልላት ነው መምህር! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ እተክለዋለሁ፣ ይበሰብሳል። በክፉ ልብ የተሰጠ ተክል መቼ ይጸድቃል?»

ኧረ እግዚኦ! ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ይኸን ልስማ?

«ለመሆኑ እንዴት ተከሉት?»

«እንደ ሰው ነዋ! ለምለሙን አገዳ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ አፈር ውስጥ ሰካሁት፤ ጧት ማታ ውኃ አጠጣሁት።»

«እመቤቴ፣ ካና በአገዳ አይተከልም! የሚበቅለው ከሥሩ ነው።»

«ሥሩንማ ከለከለችኝ! ክፋቷን እኮ ነው የምነግርዎት። ለትግስት ሠርግ ደጄን እንዳትረግጥ!»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ። ትግስት የወይዘሮ ሠርካለም ልጅ ናት፤ ለጥር ሠርጓ ተቆርጧል። ክርስትና ያነሷት ወይዘሮ ውዴ ናቸው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የሚሏት የላቸውም። ሰው በሦስት አገዳ ምክንያት የክርስትና እናትን ከሠርግ ያስቀራል? በእኛ ሰፈር ያስቀራል።

የገበያ ዕቃዬን እንደያዝኩ ተከተልኳቸው። ወይዘሮ ውዴ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሠርካለም አገዳዎቹን ወይዘሮ ውዴ እግር ሥር ወረወሩ።

«ይኸውልሽ ስጦታሽ!»

«ምነው ሠርካለም፣ ያማረውን መርጬ አይደል የሰጠሁሽ?» አሉ ወይዘሮ ውዴ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ለምን ከሥሩ አልሰጧቸውም?» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

«ሥሩን በዶማ ነክቼ እኔም ባዶዬን ልቅር መምህር? አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ብረት ነክቶት አያውቅም።»

«ለዚህ ነዋ የመደቡ መሐል የደረቀው! አምና ስንት አበባ አወጣ?»

«ሁለት» አሉ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰው ዓይን ነው ብዬ አሮጌ ጣሳ ሰቀልኩበት።»

ጣሳው እውነትም ተሰቅሏል። አንዷ ልብ ይላሉ፣ ሌላዋ ዓይን ይላሉ፤ ሥሩን የሚያይ ጠፋ!

«ዓይን አይደለም! ሥሩ እንደ ዝንጅብል አፈር ውስጥ ይባዛል፤ ቦታ ሲያጣ እርስ በርሱ ተጨናንቆ ማበብ ይተዋል። ቢከፈል ለሁለታችሁም ይበቃል።»

«ቢደርቅስ?»

«አይደርቅም!»

«ምናልባት ቢደርቅስ መምህር?»

ወይዘሮ ሠርካለም ደግሞ ከጎን፣ «አዩልኝ ስስቷን?» ይላሉ። ልጮህ አፌን ስከፍት ወይዘሮ ውዴ ጓዳ ገብተው ዶማ አመጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይቆፈር። ከደረቀም ይድረቅ። ትግስትን ሳልድር ከምቀር ግቢዬ ሙሉ ይድረቅ።»

ወይዘሮ ሠርካለም ነጠላቸውን አደግድገው ቅጠሉን ይሰበስቡ ጀመር።

አገዳውን አሳጥሬ፣ ዙሪያውን ከሩቅ ቆፍሬ፣ የተጠላለፈውን ሥር እንዳለ አነሳሁት። የበሰበሰውን ጥዬ ደህናውን በቢላ ከፈልኩት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ሁለት ሦስት ቡቃያ ይዟል። ከፍግ ጋር በተደባለቀ አፈር፣ ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጣት በሚያህል ጥልቀት፣ በክንድ በክንድ አራርቆ መትከል ነው። ይኸንኑ አራት ጊዜ አስረዳሁ። በአራተኛው ወይዘሮ ሠርካለም፣ «በአገዳውስ አይበቅልም?» ሲሉኝ ወደ ሰማይ አየሁ።

በጥቅምት ሁለቱም ግቢ ቀይ ሆነ። መሐሉ ደርቆ የነበረው የወይዘሮ ውዴ መደብ ሞላ። በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ የተከፈለ ካና አበባው ይበዛል፤ የዕቃ እጣቢ ውኃ ይበቃዋል፤ የግቢን አፈር ከጎርፍ ያስቀራል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። ጣሳው ግን አሁንም አልወረደም። እሱን ትቼዋለሁ።

ወይዘሮ ሠርካለም ይቅርታ ሲሉ አልሰማሁም። የሠርጉ ጠሪ ግን መጀመሪያ የሄደው ወይዘሮ ውዴ ቤት ነው። በሠርጉ ዕለት ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ፣ ከአምደወርቅ የመጣች አንዲት እንግዳ ካናውን አይታ ወይዘሮ ሠርካለምን ለመነቻቸው።

«እንዲጸድቅልኝ ከልብዎ ይስጡኝ እንጂ!»

ወይዘሮ ሠርካለም ወደ ወይዘሮ ውዴ ዞር ብለው እጃቸውን ያዙ።

«ልቤን ተዪው እህቴ፤ ሰኔ ሲገባ ዶማ ይዘሽ ነይ» አሏት።