ካርታ ላይ ያልተሳሉትን ጅረቶች ፈላጊዋ

ሥራችሁን ትታችሁ ከቅርብም ከሩቅም በመምጣት ከጎናችን የቆማችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የታላቅ እኅቴን ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ እኔን ታናሻቸውን ስለመረጠኝ፣ ድምፄ ቢቆራረጥ እየታገሣችሁ እንድታዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው የዛሬ ስልሳ ሰባት ዓመት ተወለዱ፤ ከአምስት ልጆችም ሁለተኛዋ ነበሩ። ገና በዘጠኝ ዓመታቸው የእናታችንን የስፌት ሜትር ከመሳቢያ አውጥተው ቤታችንን ከጥግ እስከ ጥግ ለክተው በደብተራቸው ከሳሉ በኋላ፣ በሁለቱ መኝታ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ከሌሎቹ በአንድ ክንድ እንደሚወፍር ደረሱበትና አባታችንን መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተው ግድግዳውን አስከፈቱት። ከውስጡ የተገኘው የቀድሞው ባለቤት የደፈነው መደርደሪያና አንድ እግር አሮጌ ጫማ ብቻ ነበር። አባታችን ፍርስራሹን እየጠረጉ፣ ይህች ልጅ ወይ መሐንዲስ ትሆናለች ወይ ቤቱን አፍርሳ ትጨርሰዋለች ማለታቸውን እናታችን ዕድሜ ልካቸውን እየሳቁ ያወጉት ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሕክምና ይማሩ ሲል እርሳቸው ጂኦግራፊን መረጡ፤ እንደተመረቁም በመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በካርታ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሥሩ አምፖል የበራለት ሰፊ የመስታወት ጠረጴዛ የተቀመጠበት ሲሆን፣ እርሳቸውም የከፍታ መስመሮችን በስስ ወረቀት ላይ በቀጭን ብዕር እየገለበጡ፣ ሰማያዊዎቹን የወንዝ መስመሮች እየተከተሉ፣ አዲስ መንገድ ከውኃ ጋር የሚገናኝባቸውን ቦታዎች ለመሐንዲሶቹ ያመለክቱ ነበር። በሠላሳ ዓመታቸው ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ሕይወታቸውን የለወጠው ነገር የመጣው በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ ለሚወስድ መንገድ ባዘጋጁት የውኃ መሻገሪያዎች ዝርዝር ላይ፣ በአንድ ሸለቆ አፋፍ ካርታው ምንም ሰማያዊ መስመር ስላላሳየና በበጋ የሄዱት ቀያሾችም ደረቅ ሣር ብቻ ስላዩ፣ ‹‹ውኃ የለም›› ብለው ፈረሙ። መንገዱ በተከፈተ በሁለተኛው ክረምት በዚያው ቦታ ጎርፍ መንገዱን ለሁለት ቆርጦት፣ ጠጠር የጫነ የጭነት መኪና ከነሹፌሩ ገደል ገባ፤ ሹፌሩም በሕይወት ቢተርፉም አንድ እግራቸውን አጡ። ማንም እኅታችንን አልከሰሳቸውም፤ ካርታው የሌላ ሰው፣ ቅየሳውም የሌላ ሰው ነበርና። እርሳቸው ግን ፊርማው የኔ ነው ብለው ሆስፒታል ድረስ ሄደው የሆነውን ሁሉ ለሹፌሩ ተናገሩ። ሹፌሩም፣ ‹‹እዚያ ቦታ ሣሩ ከሌላው ቀድሞ እንደሚለመልም እኔ ስመላለስ አይ ነበር፤ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም›› አሏቸው። እኅታችን ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሲያለቅሱ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ግን እንባውን ትተው ሹፌሩን ሌላ ምን ምን እንዳዩ ሊጠይቁ ተመልሰው ሄዱ። እኚህ ሰው ዛሬ ከእኛ ጋር ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሠላሳ ዓመት የቤተሰባችን ወዳጅ ሆነው ኖረዋል።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዛቸው፤ ጅረት ከየት ይጀምራል? በአርባ ሦስት ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የኮምፒውተር ካርታ ሥራ ተማሩ። ከሳተላይት የተገኘ የመሬት ከፍታ መረጃ ምድሩን በትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ካሬ የከፍታ ቁጥር እንደሚሰጥ፣ እያንዳንዱም ካሬ የደረሰውን ዝናብ ከስምንቱ ጎረቤቶቹ ዝቅ ወዳለው እንደሚያስተላልፍ፣ ይህም ተደምሮ ተደምሮ አንድ ቦታ ላይ ጅረት ለመባል እንደሚበቃ በኩሽናችን ጠረጴዛ ላይ በስኳር ሳህኖች ደርድረው አስረድተውኛል። ስንት ካሬ ሲጠራቀም ነው ጅረት የሚሆነው ብዬ ስጠይቃቸው ፊታቸው በርቶ፣ እርሱን እኮ ነው የማላውቀው አሉኝ። መልሱን ፍለጋ ከባለቤታቸው ጋር አራት ክረምት ሙሉ በእግራቸው እየዞሩ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የጅረት መነሻዎችን አይተው መዘገቡ፤ እርሳቸው ሲለኩ ባለቤታቸው ጃንጥላ ይዘው ያሰሉ ነበር። ቁጥሩ እንደ አፈሩና እንደ ቁልቁለቱ እንደሚለያይም ስለተረዱ፣ በኮምፒውተር የሠሩት ሞዴል ጅረት አለ ወይም የለም በማለት ፈንታ ዕድሉ ከመቶ ስንት እንደሚሆን እንዲናገር አደረጉት። የመሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኞች ‹‹እትዬ ጭቃ›› የሚለውን ስም ያወጡላቸው በዚህ ጊዜ ነው፤ ስሙንም ወደውት በሻይ ኩባያቸው ላይ ጽፈውት ነበር።

ሞዴሉ መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ተራራ በሚዞር አዲስ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ነባሩ ካርታ የማያውቃቸውን፣ ውኃ መንገዱን የሚያቋርጥባቸውን ስልሳ አንድ ቦታዎች ጠቆመ። ዋና መሐንዲሱ ስልሳዎቹን በጄ ብለው ተቀብለው፣ በአንድ ገላጣ የግጦሽ መስክ ላይ ሲደርሱ ግን ከመኪናቸው ወርደው እዚህ ምን አይተው ነው የውኃ ማሳለፊያ ቱቦ ይቀበር የሚሉት ሲሉ ጠየቋቸው። እኅታችንም ‹‹ገና ምንም አላየሁም። ከመቶ ሰባ ይመጣል እላለሁ፤ ሠላሳውንም አልደብቅዎትም›› ብለው መለሱ። መሐንዲሱ እያጉረመረሙ ፈረሙ። ክረምት ሲገባ ከሃምሳ በሚበልጡት ቱቦዎች ውኃ ሲያልፍ፣ በዚያ መስክ ግን በመጀመሪያውም፣ በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ዓመት ጠብታ አልመጣም። ባልደረቦቻቸው በቱቦው ውስጥ ፍየሎች ሲጠለሉ ፎቶ አንሥተው በቢሯቸው በር ላይ ለጠፉላቸው። እርሳቸውም ከሁሉ በላይ ስቀው ሲያበቁ፣ ታዲያ ያ ሁሉ ዝናብ የት ገባ የሚል ነገር እንቅልፍ ነሣቸው።

ዳገቱን ደጋግመው ወጥተው በመጨረሻ ከቁጥቋጦ ሥር የተሰነጠቀ ድንጋይ አገኙ፤ ወራጁ ውኃ መስኩ ላይ ሳይደርስ በዚያ ስንጥቅ ይሰርግ ነበር። ጉዳት የሌለው ቀይ ቀለም አፈሰሱበትና በየአቅጣጫው ሰው አቁመው ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ቀለሙ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሞዴሉ ምንም ባልጠረጠረበት ቦታ፣ በመንገዱ ግንብ ሥር ታየ። አስፋልቱ ከላይ ሲያዩት ደህና ነበር፤ ሲቆፈር ግን ከሥሩ አንድ መኝታ ክፍል የሚያክል ባዶ ቦታ ተገኘ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በየቀኑ ሁለት ጊዜ በላዩ ያልፍ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ጉድጓዱን ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ሲሳሳቱ ቀድመው ለኔ ይንገሩኝ›› አሏቸው። መንገዱ ተዘግቶ ተጠገነ፤ እኅታችንም በሪፖርታቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሞዴሉ ከምድር በታች ያለውን እንደማያይ በደማቁ ጻፉ።

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጥተው ወጣት ባለሙያዎችን በየሜዳው ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የልብ ሕመም ጸናባቸው። የሐኪማቸውን ስክሪን ወደ ራሳቸው አዙረው ከጥያቄያቸው ብዛት ሐኪሙን ደጅ ተራ የሚጠብቁትን ሕሙማን እስኪያስረሱ ድረስ፣ ስለ ገዛ ሕመማቸውም የማወቅ ጉጉታቸው አልቀነሰም። ፍርሃታቸውን የነገሩኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱንም እጄን ይዘው በአጭሩ ነግረውኝ ወዲያው ስለ ልጄ ፈተና ጠየቁኝ።

ከማረፋቸው በፊት በነበረው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ከአልጋቸው መነሣት ስላልቻሉ፣ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በየት በኩል እንደሚሄድ ወጥቼ እንድመለከትላቸው ለመኑኝ። ነጠላ ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ተመልሼም ከበሩ ይልቅ በልብስ ማጠቢያው ኋላ እንደሚዞር ስነግራቸው፣ ወደዚያ ደግሞ ለምን ዞረ ብለው ፈገግ አሉ፤ እኔም አላውቅም እትዬ አልኳቸው። ‹‹ጥሩ፤ ነገ አይተሽ ትነግሪኛለሽ›› አሉኝ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔንና ታላቅ ወንድማችንን፣ እንዲሁም ጭቃ ሳይጸየፉ መሬትን መጠየቅ ያስተማሯቸውን ብዙ ባልደረቦች ትተው ሄደዋል። ሁሉን የሚያውቀው ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ተቀብሎ፣ እዚህ መልስ ያጡለትን ሁሉ በእርሱ ዘንድ ይግለጥላቸው፤ እኛንም ያጽናን። እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት ወጥቼ አይቻለሁ፤ ውኃው በልብስ ማጠቢያው ኋላ የሚዞረው፣ ከግቢው ግንብ ሥር መሬቱ ወደዚያ ዝቅ ብሎ ነው።