ቅርፊት የሌለው አሳ

(ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፤ ለበጎ አድራጎት የተዘጋጀው የአሳ ማጥመድ ውድድር ሊያበቃ አርባ ደቂቃ ያህል ቀርቶታል፤ ሃያ ዓመት አሳ እየገፈፈች የሸጠችው አስካለና አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍሏ ሶልያና፣ ባዶ ሳፋ መሀላቸው አስቀምጠው ይጨቃጨቃሉ።)

ሶልያና፦ አንዴ ብቻ፣ እታለም። አንዴ ያዢውና ሳፋው ውስጥ ጣይው። ከዚያ እጅሽን በበረኪና ትታጠቢያለሽ።

አስካለ፦ አልነካም አልኩሽ። ቅርፊት የሌለው አሳ ነክቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም። አምባዛውን ተይውና ባለ ቅርፊቱን ቆሮሶ አጥምጂ።

ሶልያና፦ ቆሮሶማ ጠዋት ነበረን። አንቺ ጨረስሽው እንጂ።

አስካለ፦ ጀመረች ደግሞ።

ሶልያና፦ ሦስት ቆሮሶ፣ አንዱ ክንዴን የሚያክል። ሕጉ አሳው በሕይወቱ ተመዝኖ ወደ ሐይቁ ይመለስ ነው የሚለው። እኔ ትል ልፈልግ ዞር ስል አንቺ ሦስቱንም ገፍፈሽ፣ ሥጋውን ለብቻ አጥንቱን ለብቻ ደርድረሽ፣ ዳኛውን ቀና ብለሽ አየሽና «ቀጣይ» አልሽው።

አስካለ፦ እጄ ነው ያደረገው። ሃያ ዓመት ሙሉ አሳ እጄ ላይ ሲያርፍ ቢላዋው ይከተላል። እኔ እንደውም ልቤ ዳኛው ጫማ ላይ ነበር፤ ያንን የመሰለ ነጭ ጫማ አድርጎ ሐይቅ ዳር ይመጣል?

ሶልያና፦ የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

አስካለ፦ ጦጣዋ ናት ያሳደገችሽ፤ አፍሽን ያዢ። ደግሞ ይሄ ምን የሚሉት ውድድር ነው? ይዞ መልቀቅ። ሌባ ይዞ፣ እግሩን አጥቦ መሸኘት በይው።

ሶልያና፦ ሲያነቡት ሰምተሻል። ያሸነፉት ሁለት ሰዎች ለሚመርጡት ትምህርት ቤት የጎደለው ነገር ይሠራለታል። አሁን የሚመሩት የሆቴሉ ባለቤትና ልጁ ናቸው። ልጁን ካሸነፋችሁ ምን ልታሠሩ ነው ብዬ ጠየቅኩት። የመኪና ማቆሚያ ጥላ አለኝ። አባቱ ሊወስደው ሲመጣ የመኪናው ወንበር ያቃጥለዋል።

አስካለ፦ ያሳዝናል።

ሶልያና፦ ሽንት ቤታችሁስ ስለው ፊቱን አጨፈገገ። ለካ መስታወቱ ትንሽ ሆኖበት ነው።

አስካለ፦ እግዜር ለሰጠው ምን ይባላል። ምግብ ቤታቸው እንኳን አሳ የሚገዛው ከእኔ አይደለም።

ሶልያና፦ የሚበልጡን በአራት ኪሎ ነው። አንድ ጎረምሳ አምባዛ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። አምባዛ የሚገኝበትን ቦታ ደግሞ ከማንም በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አስካለ፦ እዚያማ አንሄድም።

ሶልያና፦ እዚያ ማለት በየቀኑ የአሳ አንጀት የምትደፉበት ጥግ ነው እኮ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ውኃው ውኃ አይደለም፤ ያደረ ሾርባ ነው። ላዩ ላይ ቅባት አለው፣ ቅባቱ ላይ ዝንብ አለ፣ ዝንቡ ላይ ሌላ ዝንብ አለ። ስረግጠው ጭቃው ይተነፍሳል። አባ ኮዳ እንኳን፣ ያ ጥንብ የማይመርጥ ወፍ፣ ፊቱን አዙሮ ነው የቆመው።

አስካለ፦ ጩኸትሽን ሰምቻለሁ። ሰው የሞተ መስሏቸው ሁለት ፖሊሶች ተነስተው ነበር።

ሶልያና፦ አንቺም ብትሆኚ ትጮኺያለሽ። መንጠቆው ሁለት ጊዜ ያዘልኝ። የመጀመሪያውን ልይዘው ስል እንደ ንፍጥ በጣቶቼ መሀል ሾለከ። ሁለተኛውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት፤ ጺሙን በአንገቴ በኩል አስገባና ሆዴን ዳሰሰኝ። እስካሁን የሆነ ነገር ውስጤ እየተላወሰ ይመስለኛል።

አስካለ፦ አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት ይሄንን ነው። መረብ አምጪና ያዢው፣ ወይ ጓንት አድርጊ።

ሶልያና፦ ዳኛውን ጠይቄዋለሁ። መረብም ጓንትም ክልክል ነው አለ፤ አሳው እንዳይጎዳ ብለው ነው።

አስካለ፦ ለአሳው ያዘነ ሰው ለእኔ አላዘነም። ከጀልባዎቹ ልጆች አንዱን ለምኚዋ።

ሶልያና፦ የተመዘገብነው እኔና አንቺ ነን። አንዷ መንጠቆውን ትይዛለች፣ ሌላዋ በእጇ ታወጣለች። የእኔ እጅ አልቻለም። ያንቺ ግን አሳ አምልጦት አያውቅም።

አስካለ፦ ስሚኝ፣ ልጄ። እዚህ መደዳውን ስንት ሴት አሳ ትገፍፋለች?

ሶልያና፦ ሠላሳ ትሆናላችሁ።

አስካለ፦ ታዲያ እነ እትዬ ድንቅነሽ ሃያ ዘጠኙን ዘለው እኔ ጋ የሚመጡት መልኬን ወደው ይመስልሻል? የአስካለ እጅ አምባዛ አልነካም ብለው ነው። ቅርፊት የሌለው እርኩስ ነው የሚል ሰው፣ እርኩሱን በያዘ እጅ የተገፈፈውን አይበላም። ዛሬ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አምባዛ አቅፌ ብታይ ሰኞ ማን ይመጣልኛል? ለትምህርት ቤትሽ ሽንት ቤት ብዬ እንጀራዬን ልዝጋ?

ሶልያና፦ ያንን ሽንት ቤት አላየሽውም።

አስካለ፦ ሽንት ቤት ሽንት ቤት ነው። እኛ ሜዳ ነበር የምንወጣው።

ሶልያና፦ ሜዳማ ንጹሕ ነው። የእኛ አራት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ ሞልተዋል፣ አንዱ ተደርምሷል። አራተኛው በር የለውም፤ ጓደኛሽ ነጠላዋን ዘርግታ ትቆምልሻለች። ወለሉ ላይ ድንጋይ ደርድረናል፣ በድንጋዩ ላይ እየዘለልሽ ነው የምትገቢው። ባለፈው አንዷ ድንጋይ ስታ ገባች። እስከ ጉልበቷ። ትምህርት ቤት ተመልሳ አልመጣችም።

አስካለ፦ በይ በቃ። ምሳ በልቻለሁ።

ሶልያና፦ ትሉ ደግሞ ነጭ ነው፣ ግድግዳው ላይ ይወጣል። እዚህ ሐይቁ ጋ ያሉት ትሎች ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ የተማሩ ናቸው።

አስካለ፦ በቃ አልኩሽ። ርእሰ መምህሩ ምን ይሠራል?

ሶልያና፦ የእሱ ቁልፍ አለው። የአሳ ግማቱ ከአናቱ።

አስካለ፦ እስካሁን እንደምንም ኖራችኋል። እንደምንም ትኖራላችሁ።

ሶልያና፦ ጥር ላይ ሆስፒታል ስተኛ እንደምንም ነበር?

አስካለ፦ እሱን ምን አመጣው? እሱ ብርድ ነው።

ሶልያና፦ ብርድ ነው ያልሽው አንቺ ነሽ። ዶክተሯ አንቺን ካስወጣች በኋላ ነው የጠየቀችኝ። በቀን ስንት ጊዜ ውኃ ትጠጫለሽ አለችኝ። ከቤት ወጥቼ እስክመለስ አልጠጣም አልኳት።

አስካለ፦ ለምንድነው የማትጠጪው?

ሶልያና፦ ከጠጣሁ ይመጣላ። ከመጣ መግባት ነው።

አስካለ፦ የማስይዝልሽ ውኃስ? በየቀኑ ጠርሙሱ ባዶውን ነው የሚመለሰው።

ሶልያና፦ ዘበኛው የተከላት ሎሚ አለች፤ እሷን አጠጣበታለሁ። ዘንድሮ እንደውም አበበች።

አስካለ፦ ሎሚ።

ሶልያና፦ በጣም ታምራለች።

አስካለ፦ ዶክተሯ ምን አለች ታዲያ?

ሶልያና፦ እንዲህ ከቀጠልሽ ኩላሊትሽ ይጎዳል፣ ተመልሰሽ ትመጫለሽ አለች። ለአንቺ እንዳትነግርሽ ለመንኳት።

አስካለ፦ እኔ ጠላትሽ ነኝ?

ሶልያና፦ ከትምህርት ቤት ታስቀሪኛለሽ ብዬ ነው። ሁልጊዜ «እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ሞትኩ ወይ» ትያለሽ።

አስካለ፦ እሱን የምለው ስትሰንፊ ነው።

ሶልያና፦ እኔ የትኛው ጊዜ እንደሆነ አላውቅማ።

አስካለ፦ ከጥር ወዲህስ ትጠጫለሽ?

ሶልያና፦ ማክሰኞ ማክሰኞ። ግማሽ ቀን ስለሆነ።

አስካለ፦ አሁን ስንት ደቂቃ ቀረ?

ሶልያና፦ ሠላሳ አምስት። ግን እዚያ ጥግ ለመድረስ ራሱ አሥር ይፈጃል። እትዬ ድንቅነሽ ደግሞ ከነጃንጥላቸው መጥተው እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ አይተሻቸዋል? ተይው፣ እታለም። እውነትሽን ነው፤ ሰኞ ማንም አይመጣልሽም። እኔ እንደገና ልሞክረው፣ በቀሚሴ እጠቀልለዋለሁ…

አስካለ፦ አንቺ መንጠቆውን ብቻ ያዢ። ቶሎ ንገሪኝ አሁን፣ ይሄ እርኩስ የሚያዘው ከአንገቱ ነው ወይስ ከጅራቱ?